ገጽ ሠላሳ አንድ

መብራት ከሄደ ሦስት ቀን። ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሻማው ከቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ መዝገቡን ሳልጨርስ ሊያልቅ።
ሁለት መቶ ገጽ ነው፤ በቀይ ክር የታሰረ፤
ይግባኝ ባይ፦ ደስታ ጋልቻ፤
ዐሥራ ስምንት ተፈርዶበት ሁለቱን ቃሊቲ የኖረ።

ሟች፦ ወልደየስ፣ የሌሊት ዘበኛ፤ ኮዬ ፈጬ፣ ከጅምር ሕንፃ በር፣
ሊሰርቁት በመጡት ፌሮ ተመትቶ የተገኘ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ሥር።
ምስክሩ አንድ ሰው፦ ይርዳው፤ ከማዶ ብሎክ፣ ከሰገነት፣
ሲኖትራክ ሲታጠፍ በመብራቱ አየሁ ያለ፣ የደስታን ፊት።

«ምን ያህል ቆየ መብራቱ?» ብሎ ተከላካይ ጠበቃው ጠየቀ።
«መኪናው እስኪታጠፍ።»
ጸሐፊዋ መዘገበች። ጥያቄው አለቀ።

መኪናው እስኪታጠፍ ስንት ነው? ይህን የጠየቀ የለም።
ለፖሊስ በሰጠው ቃል «አንድ ረጅም ሰው» ነበር፤ ስምም ፊትም የለውም።
ችሎት ሲቀርብ ግን፣ ከስምንት ወር በኋላ፣
ረጅሙ ሰው ስም አወጣ፤ ያባት ስምም ተሞላ።

«ምስክሩ ቃሉን የሰጠው ሳይደናገጥ፣ በእርጋታ በመሆኑ
ችሎቱ አምኖታል» ይላል የሥር ፍርድ ቤት፤ ገጽ ሠላሳ አንድ፣ መስመር አራት።
እኔስ ያችን እርጋታ በየትኛው ገጽ ልያት?
እነሱ ፊቱን አይተዋል፤ ምራቁን ሲውጥ፣ ሲያልበው፣ ሲያመነታ፤
እኔ የደረሰኝ ቀለም ነው፤ ቀለም ሁሉን የሚናገር በእርጋታ።

ሰብሳቢው ትናንት ሊፍቱ ውስጥ፣ ኮቱን እየቆለፈ፣
«እኛ ምስክር አልሰማንም፤ የሰማው አይቶ አሳለፈ፤
ይግባኝ እንደገና ማረስ አይደለም፤ የታረሰውን መጎብኘት ነው» አለኝ።
እውነቱን ነው።
ግን ጎብኚስ፣ ከትልሙ መሃል ድንጋይ ካየ፣ ምን ሊለው ነው?

ይህን ሳስብ ከታች፣ በኮብልስቶኑ፣ ሲኖትራክ እያጓራ መጣ፤
ሲታጠፍ ግድግዳዬ ነጣ፤ ደረጃው ነጣ፤ ግቢው ነጣ፤
ሁለት ጄሪካን የያዘ ሰው አየሁ፣ ወደ ብሎካችን ሲያቀና፤
«ፈቃደ!» ብዬ ተጣራሁ፣ «ውኃ መጣ እንዴ? ደህና?»
ጨለማው ተመልሶ ወረደ። ከጨለማው ውስጥ
«ፈቃደ አይደለሁም እትዬ» አለ ድምፅ፤
«ከድር ነኝ።»

ሰባት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጣን፤ የእድር ገንዘብ የምሰጠው ለሱ።
እጄ መስኮቱን እንደያዘ ቀረ፤ ሻማውንም አጠፋው ነፋሱ።

ይህን መጻፍ አልችልም። ዳኛ የራሷ ምስክር አትሆንም፤
ደረጃዬ ማስረጃ አይደለም፤ ለከድርም መጥሪያ አልደረሰውም።
የተፈቀደልኝ ይህ በቀይ ክር የታሰረው፤
ከሱ ውጭ ያወቅሁትን አላውቅም ማለት ነው ሥራዬ፤
ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው።

ሌላ ሻማ ለኮስኩ። እንደገና ገጽ ሠላሳ አንድ።
«መኪናው እስኪታጠፍ።»
በሁለት ቃል ላይ የቆመ የዐሥራ ስምንት ዓመት ፍርድ።
የተጠየቅሁት ገደለ ወይስ አልገደለም አይደለም፤ ያንን እግዜር ይወቀው፤
የተጠየቅሁት ይህን ነው፦ አእምሮ ያለው ሰው በዚህች ብርሃን ብቻ
«ጥርጣሬዬ አለቀ» ብሎ ብዕሩን ሊያስቀምጠው?

የወልደየስ ሚስት ፍርዱ ሲነበብ ትመጣለች፤ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር።
ገጽ ዘጠና ላይ «ይርዳው ባያይልኝ ማን ያይልኝ ነበር?»
ብላለች። ለሷ የምሰጠው የለኝ፤
ጥርጣሬ ለቅሶ አይደርስም፣ ድንኳን አይተክልም፤ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

«የሐሳብ ልዩነት» ብዬ ከወረቀቱ አናት ጻፍኩ፤
ሰረዝኩት። ገና ሳንመክር ለምን ተሸነፍኩ?
በሱ ፋንታ «መኪናው እስኪታጠፍ፣ ስንት ነው?» ብቻ አልኩ።
ከታች ሌላ ሲኖትራክ አጓራ።
ወደ መስኮቱ ግን አልሄድኩም።